እኔ ከደፉ ወዲህ፣ ፍላሹ ከደፉ ወዲያ

ባሕር ዳር ውስጥ ፎቶ ተነሣሁ የሚል ሰው ካገኛችሁ መጀመሪያ ማን እንዳነሣው ጠይቁት። እኔን ካልጠራ ፎቶው ደብዛዛ ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። መኩራራት የሚያስፈልገው ሥራው ለማይታይለት ሰው ነው፤ የእኔ ሥራ ግን በየሳሎኑ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሸፍኖ ተሰቅሏል። ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው፣ ቄሶች ከነጥምጣማቸው፣ ተማሪዎች ከነሰርተፊኬታቸው፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ከነአዲስ ብስክሌታቸው በእኔ ካሜራ አልፈዋል። በፎቶው ላይ ብስክሌቱ ከባለቤቱ አምሮ የወጣበት ጊዜ አለ። እሱ የእኔ ጥፋት አይደለም፤ ያለውን ነው ያነሣሁት።

ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። ካሜራውን ስገዛ አብሮት የመጣው መመሪያ በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈ ነበር። ሥዕሎቹን እያየሁ ቀሪውን ከራሴ ሞላሁት። ከዓመታት በኋላ ቋንቋውን የሚያነብ አንድ የኮሌጅ መምህር ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ መመሪያው የሚለውና እኔ የማደርገው በብዙ ቦታ እንደማይገናኝ ነገረኝ። የጻፈው ሰው ባሕር ዳርን አያውቃትም ብዬ አለፍሁት።

ፎቶ ቤቴ ከገበያው ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ከተነሺው ኋላ የሚሰቀለውን መጋረጃ የሣልሁት ራሴ ነኝ፤ ጢስ ዓባይ ነው። ውሃው ወደ ላይ የሚወጣ ይመስላል እያሉ የሚስቁ ነበሩ። ጢስ ወደ ላይ አይደለም ወይ የሚሄደው እላቸዋለሁ። እንዲህ ያለ መልስም ማንም አላስተማረኝም።

ይሁን እንጂ ስሜን ያስጠራው ሥራ የተሠራው ደጅ፣ ሐይቁ ዳር ነው። ጠዋት ፀሐይ ከላይ ፊትን ታበራለች፤ ውሃው ደግሞ የተረፈውን ብርሃን ከታች መልሶ አገጭ ሥር ይልከዋል። ጣና አጠገብ ቆሞ መጥፎ ፎቶ መነሣት የሚችል ሰው ገና አልተወለደም። ችግሩ ሰው ቤት ሲጠሩኝ ነበር። ፀሐይ ደጅ ትረዳኛለች እንጂ ሳሎን ተከትላኝ አትገባም። ስለዚህ ከአስመራ ዕቃ ከሚያመጣ ነጋዴ ፍላሽ ገዝቼ ካሜራዬ አናት ላይ ሰካሁ።

ቤት ውስጥ በዚያ ፍላሽ የተነሣ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። ፊቱ ኖራ የተቀባ ይመስላል፤ ግንባሩ እንደታጠበ ሳህን ያበራል፤ ከኋላው ግድግዳው ላይ አንድ ጥቁር ሰው ተጠግቶ ይቆማል። የቤተሰብ ፎቶ ሲሆን ቤተሰቡ እጥፍ ይሆናል። ያም ሆኖ ማንም አልወቀሰኝም። ቤት ውስጥ የተነሣ ፎቶ እንዲህ ነው ብሎ ሰዉ ተቀበለ፤ እኔም ተቀበልሁ። ሐጂ ሰዒድ አንድ ማክሰኞ ፎቶ ቤቴ ድረስ እስኪመጡ ይህ ስምምነት ጸንቶ ነበር።

ሐጂ ሰዒድ ገበያው መካከል የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሡ ሰው ናቸው። ድምፁን የማያነሣ ሰው ሲቆጣ ያስፈራል። ሰላም ብለውኝ ተቀመጡና ከኪሳቸው አንድ ፎቶ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

«ይህቺ ማን ናት?»

«ልጅዎ ራሕመት ናት እንጂ ሐጂ። ባለፈው እቤትዎ መጥቼ ያነሣኋት።»

«ልጄን አውቃታለሁ» አሉ። «አፍንጫ አላት።»

ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርቤ አየሁት። ሁለት ዓይን አለ፤ አንድ አፍ አለ። በመካከላቸው ያለው መንደር ግን ጠፍ ነው። ፍላሹ ፊት ለፊት ሲመታት የአፍንጫዋን ጥላ ጠራርጎ ወስዶ፣ ግድግዳው ላይ ሌላ ጥቁር ሴት አቁሞላታል።

ሐጂ ነገሩን ቀስ ብለው አስረዱኝ። ልጂቱን የጠየቃት አንድ የወረታ ነጋዴ ልጅ ነው። ሕፃን ሆነው አንድ ኡስታዝ ዘንድ ቁርአን የቀሩ፣ አብረው የተማሩ ናቸው፤ ኋላ ልጁ ከአጎቱ ጋር ወደ አሰብ ወርዶ ወደቡ ላይ ሥራ ይዞ ቀረ። ራሕመት ሌሎች ጠያቂዎችን መልሳ ይህን ብቻ እሺ አለች። ፎቶዋ ወረታ ላሉት ወላጆቹ ተላከ፤ እነሱ ደግሞ አሰብ እንዲልኩለት። የልጁ እናት ፖስታውን ከፍታ ስታይ ግን ልጂቱ ምን ሕመም አለባት ብላ ፎቶውን በሰው መለሰች። ከኋላዋ የቆመው ጥቁርስ ማን ነው ብላለች።

«ጥላዋ ነው» አልሁ።

«እኔም እንደዚያ አልሁ። እሷ ግን ይህን ለልጄ አላሳይም፤ ሌላ ፎቶ ካላቸው ይላኩ፣ ከሌላቸውም ነገሩ ይቅር ብላለች። ቅዳሜ ጠዋት በወረታ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርድ የጭነት መኪና አለ። በሱ ካልደረሰ ልጁም የሰማውን ሰምቶ ሐሳቡን ይቀይራል። ራሕመት ፎቶውን ካየች ወዲህ መስታወት ፊት እየቆመች አፍንጫዋን ትዳስሳለች።»

«ወደ ሐይቁ ዳር ትውጣልኝ። በአንድ ጠዋት አሳምሬ...»

«የታጨች ልጅ ሐይቅ ዳር ቆማ ፎቶ ስትነሣ የሚያያት ሰው ምን ይላል? ያን ዕለት ሳሎን ድረስ ወጥታ የተነሣችው እህቴ ዘሀራ ለሐዘን ወደ አንበሳሜ ሄዳ ስለነበር ነው። አሁን ተመልሳለች። ራሕመት ከሴቶቹ ክፍል አትወጣም ብላለች፤ አንተም አትገባም። ከበሩ ደፍ ወዲህ ቆመህ ማንሣት ከቻልህ አንሣ።»

«ካልቻልሁስ?»

ሐጂ ፎቶውን አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ። «ይህን በመስታወት አስገብቼ ሱቄ በር ላይ እሰቅለዋለሁ። ከሥሩም ያነሣው ማን እንደሆነ በትልቁ አጽፋለሁ።»

ከመሸንቲ የሚመጣ ገበያተኛ ሳይቀር በዚያ ሱቅ በር ነው የሚያልፈው። ሐጂ ወጥተው ሲሄዱ ያቺ ምስኪን ልጅ በስሜ ላይ ተቀምጣ ስትኖር ታየችኝ።

የሴቶቹን ክፍል ባለፈው ስሄድ በበሩ በኩል አይቼዋለሁ። ረዥም ነው። አልጋውና መቀመጫው ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር ናቸው፤ መስኮቱ ወደ ጎረቤት ስለሚያይ ሁልጊዜ ይዘጋል። በሩ ላይ ቆሜ ፍላሹን ብተኩስ ብርሃኑ መንገድ ላይ ደክሞ ይቀራል። ታዲያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ደፉን እንዳላልፍ የተከለከልሁት እኔ ነኝ፤ ፍላሹን ማን ከለከለው? ካሜራው ከእኔ ጋር ውጭ ይሆናል፤ ፍላሹ ውስጥ ይገባል፤ በመካከላቸው ገመድ ይዘረጋል። ከካሜራው ላይ ፍላሽ አውርዶ ሌላ ቦታ ማኖር በዚያ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ በእኔ ነው የተጀመረው። ሌላ ቦታ ቀድሞ ተጀምሮ እንደሆነ ማንም አልነገረኝም።

ፍላሹን ከካሜራው የሚያገናኘው ገመድ ግን አንድ ስንዝር ነው። በደርግ ጊዜ ደግሞ ሱቅ ገብቶ ገመድ ስጡኝ ማለት ዝናብ ስጡኝ እንደማለት ነበር። ዓይኔ በቤቱ ውስጥ ሲዞር ባለቤቴ ተዋበች ወንድሟ ያመጣላት የኤሌክትሪክ ካውያ ላይ አረፈ። በመንደሩ ውስጥ ብቸኛው የኤሌክትሪክ ካውያ ነበር። ገመዱ ረዥም፣ ጤነኛ፣ ጥሩ ገመድ ነበር። ነበር።

«ምነው ካውያው ጭራውን ምን በላው?» አለች ተዋበች ማታ።

«ለጊዜው ነው።»

«አንተ ለጊዜው ያልኸው ወንበር ሦስት እግሩን ካጣ ስንት ዓመቱ ነው?»

እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ። ሽቦውን ልጬ፣ ጠምዝዤ፣ በፕላስተር አሥሬ ከካሜራውና ከፍላሹ ጋር አገናኘሁት። ቁስል ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር ነው፤ ያለኝ እሱ ነው።

በማግሥቱ ወደ ማምሻው ላይ ልምምድ አደረግሁ። ነገሩ እንደ ሐጂ ቤት እንዲሆን ተዋበችን ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ፍላሹን በስተጎኗ ቁም ሣጥኑ ላይ አኑሬ፣ እኔ ግቢው ውስጥ መስኮቱ ሥር ተንበረከክሁ። ገመዱ ከእጄ ተነሥቶ በመስኮቱ ይገባል። አንዴ ተኮስሁ። ቤቱ ውስጥ ብልጭ አለ። ደገምሁ።

ከኋላዬ አንድ ድምፅ «ጓድ፣ እጅህን ከገመዱ ላይ አንሣ» አለኝ።

የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ዘለቀ ነበር፤ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ይዟል። አልፈርድበትም። ደመና በሌለበት ሰማይ ሥር ሰው ቤት ውስጥ መብረቅ ይወርዳል፤ ባለቤቱ ደጅ ተንበርክኮ ሽቦ ይዟል።

«ይህ ገመድ ከዚያኛው ጫፉ ምን አለ?»

«ሚስቴ።»

ዘለቀ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። ተዋበች ከውስጥ፣ «ዘለቀ፣ ግባና ይህን ሰው ምከርልኝ፤ ካውያዬን ጨርሶ ወደ እኔ ዞሯል» ባትለው ኖሮ ያን ማታ ቀበሌ ነበር የማድረው። ቢሆንም ገመዱን ልውሰድ አለ፤ መመርመር አለበት አለ። ገመዱ ከሄደ ራሕመትም ሄደች። ስለዚህ ምርመራውን እዚሁ እናድርገው ብዬ ዘለቀን ተዋበች ወንበር ላይ አስቀምጬ አነሣሁት። ወዲያው ፊልሙን ቆርጬ አጥቤ በማግሥቱ ጠዋት ፎቶውን ሰጠሁት።

የፊቱ አንዱ ጎን ደምቆ ወጥቷል። ሌላው ጎን የለም፤ ጨለማ ነው።

«ግማሽ ፊቴስ?» አለ ዘለቀ።

«ጥበቃ ላይ ነው።»

ፎቶውን አራቅ አድርጎ አየው። «ኮስታራ ነኝ ለካ» አለ፤ ከዚያ በቀስታ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። የገመዱ ነገር በዚሁ ተዘጋ።

እኔ ግን አልተዘጋልኝም። ለአብዮት ጥበቃ ግማሽ ፊት ይበቃዋል፤ አሰብ ድረስ ግማሽ ሙሽራ መላክ ግን አይቻልም። ቁጭ ብዬ ሳስብ ተዋበች የታጠበ ነጠላዋን ገመድ ላይ እያሰጣች፣ «ከጨለማው በኩል ነጭ ነገር ብትሰቅልበትስ? ይሄ ነጠላ ፀሐይ ሲመታው ግድግዳውን እንዴት እንደሚያበራው አታይም?» አለችኝ። እኔም ያንኑ ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። ነጠላውን ከነእርጥበቱ ወሰድሁት።

በዚህ ሁሉ ልምምድ ፊልሙን በልቼው ኖሮ ለሐጂ ቤት የተረፈኝ ለሦስት ፎቶ ብቻ የሚሆን ነው። አዲስ ፊልም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ደግሞ የጭነት መኪናው አሰብ ደርሶ ይመለሳል። ለባለሙያ ሦስት ብዙ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ሐጂ ከጁምዓ ሲመለሱ፣ ተነሣሁ። የባትሪ ድንጋዮቹን ጉልበት እንዲያገኙ ጠዋቱን ሙሉ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ፀሐይ አስመትቻቸዋለሁ። ካሜራዬን አንገቴ ላይ፣ የካውያውን ገመድ ትከሻዬ ላይ፣ ነጠላውን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ባርኔጣዬን ደፍቼ በዘንባባዎቹ መካከል በብስክሌት ሄድሁ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ነበር። ለምዶብኛል።

እማማ ዘሀራ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የሐጂ ታላቅ እህት ናቸው፤ የራሕመት እናት ካረፉ ወዲህ ቤቱ በእሳቸው እጅ ነው። ቁመታቸው አጭር ነው፤ እጃቸው እስከ አንጓቸው እንሶስላ ሞቆ ጠቁሯል። ነጠላ ጫማቸውን አወለቁና ደፉ ላይ ጎን ለጎን አኖሩት።

«ከዚህ ጫማ ወዲህ ጣትህም አታልፍም።»

«እሺ እማማ።»

«ይህ ምንድን ነው ወገብህ ላይ?»

«ነጠላ ነው። ከልጂቱ ግራ ይሰቀላል። ብርሃኑን ይመልስልኛል።»

«የሙሽራ ክፍል ውስጥ የሰው ሚስት እርጥብ ነጠላ አይሰቀልም» አሉ፤ ጉዳዩ አለቀ። ነጠላው ወደ ብስክሌቱ ተመለሰ።

ራሕመት ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር መቀመጫው ላይ ነበረች። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። አንድ እጇ አፍንጫዋ ላይ ነው። ሐጂ ከጀርባዬ ቆመዋል፤ ትንፋሻቸው አንገቴን ይነካኛል። «ጋሼ» አለች ልጂቱ ቀስ ብላ፣ «ያኛው ፎቶ ላይ ያለችው እኔ አይደለሁም። እሱ ያቺን ካየ...» አልጨረሰችውም።

«ያቺን እርሻት» አልኋት። 

ፍላሹን ማን ይያዝ የሚለው ቀረ። እማማ ዘሀራ ሌላ ሰው አላምንም ብለው ራሳቸው ያዙት። ከደፉ ወዲህ ሆኜ አሠለጠንኋቸው፦ ትንሽ በቀኝ፣ ትንሽ ከፍ፣ ወደ ፊቷ። ሁሉንም ገባኝ አሉ። ዓይኔን መመልከቻው ላይ አድርጌ ልጫን ስል፣ «ግን የሚያበራው በየትኛው በኩል ነው፣ በዚህ?» ብለው ወደ እኔ አዞሩት።

ተጫንሁ።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዓለም አንድ አረንጓዴ ሳንቲም ሆና ነበር። ሳንቲሙ ሲደበዝዝ ሐጂ ሁለት ሆነው ታዩኝ፤ ሁለቱም ተቆጥተዋል።

«አንዱ ሄደ» አልሁ። «ሁለት አለን። እማማ፣ ወደ ልጂቱ ነው።»

«ወላሂ ወደ ልጂቱ ነው» አሉ።

ራሕመት እጇን ለአፍታ አውርዳልኝ ሁለተኛውን ስተኩስ ብርሃኑ የመጣበት አቅጣጫ አልገባኝም። ከጎን አልመጣም፤ ከፊትም አልመጣም። ክፍሉ ሁሉ አንድ ጊዜ ነግቶ መልሶ መሸ። ዓይኔን ከካሜራው ሳነሣ የእማማ ዘሀራ ክንድ ወደ ላይ ተዘርግቷል።

«እማማ፣ ወዴት አዞሩት?»

«ወደ ኮርኒሱ።»

«ለምን?»

«አንተን ያደረገህን አይቻለሁ። የልጄን ዓይን ላፍስላት? ኮርኒሱ ዓይን የለው።»

ኮርኒሱ ላይ የተወጠረው አቡጀዲ ነው፤ ለሠርጉ ብለው አዲስ ኖራ ቀብተውታል። ትልቅ ነጭ ባዶ ነገር። ብርሃኔን በሙሉ ለዚያ ሰጥተውታል። አንድ ቀረኝ። አንዲት ፎቶ፣ አንዲት ልጅ፣ አንድ የሱቅ በር።

ለመንኋቸው። ዓይኗን ትጨፍን፣ ብርሃኑ ካለፈ በኋላ ትግለጥ እስከማለት ደረስሁ፤ ይህ ፎቶውን እንደሚያበላሽ ትዝ ያለኝ ከተናገርሁ በኋላ ነው። በመጨረሻ እሺ አሉ። ፍላሹን ወደ ራሕመት አዞሩ። ላቤ በግንባሬ፣ በእጄ ይወርዳል። ገመዱን ለማላላት በግራ እጄ ሳብ ሳደርግ ያ የቁስል ፕላስተር ከላቤ ጋር ተላቆ ኖሮ እርቃኑን ሽቦ ጨበጥሁት።

ፍላሽ ትንሽ ዕቃ ናት፤ ስትነዝር ግን ትንሽ አይደለችም። ዘለልሁ። አናቴ የበሩን ጉበን መታ። ባርኔጣዬ ወልቃ ደፉን አልፋ፣ ጫማውን አልፋ፣ ምንጣፉ መካከል ገብታ ተቀመጠች። ሳላስብ እጄን ልሰድድ ስል እማማ ዘሀራ፣ «ጣትህም አልሁህ» አሉና፣ ፍላሹን ባንድ እጃቸው እንደያዙ፣ ባርኔጣዬን በባዶ እግራቸው ጣት ቆንጥረው በአየር ላይ እያወዛወዙ ወደ እኔ ያመጧት ጀመር። አንድ እግራቸው ባርኔጣ ይዞ፣ በአንድ እግራቸው እየዘለሉ።

ራሕመት እጇን ከአፍንጫዋ ላይ አነሣች። ከዚያ ሳቀች። አፏን ሳትሸፍን፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ዓይኗ እስኪጠብ ሳቀች። ሐጂ ከኋላዬ ሳላቸው መጣ፤ ሳል አልነበረም። በዚህ መካከል ጣቴ፣ ንዝረቱ ገና ስላልለቀቃት፣ ራሷ ተጫነች። እማማ ዘሀራ ሚዛናቸውን ለመጠበቅ ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ነበር። ክፍሉ ደግሞ አንድ ጊዜ ነጋና መሸ።

ሦስተኛውም ሄደ።

ወደ ጨለማ ክፍሌ የገባሁት ቀብር እንደሚሄድ ሰው ነው። የመጀመሪያውን አጠብሁት፤ ነጭ ፍንዳታና የጣቶች ጥላ። ሁለተኛውን ወረቀት ውሃው ውስጥ ጣልሁና በቀዩ አምፖል ሥር አየሁ። መጀመሪያ ብቅ ያለው የአንድ ነገር ለስላሳ ጥላ ነው። ጎንበስ አልሁ። አፍንጫ ነው። ከዚያ ጉንጭ መጣ፣ ክብ ሆኖ፤ ከዚያ አገጭ፤ ግድግዳው ላይ ማንም አልቆመም። ግንባሯ አያበራም። ልክ ጠዋት ሐይቁ ዳር የቆመች ልጅ ናት። እዚያ ቆሜ ነው የገባኝ፦ ብርሃኑ ኮርኒሱን መትቶ፣ ኮርኒሱ ሰማይ ሆኖ፣ ሰማዩ በልጂቱ ላይ ወርዷል። እንዲህ ያለውን ዘዴ ማንም ሳያስተምረኝ ብቻዬን ማግኘቴን አስተውሉልኝ።

ሦስተኛው ሲወጣ ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ከሳቋ የተነሣ ቀዩ አምፖል የደመቀ መሰለኝ። በላይኛው ጥግ አንዲት እንሶስላ የሞቀች እጅ ፍላሹን ወደ ላይ ይዛ ገብታለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም ይዤ ሄድሁ። የጭነት መኪናው ሱቁ በር ላይ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ሐጂ ሁለተኛውን ፎቶ ወደ ብርሃኑ አቅርበው አዩት።

«ይህቺ ልጄ ናት» አሉ። ከዚያ ሦስተኛውን አይተው ፊታቸውን አዞሩ፤ ሳቃቸውን ሊደብቁ። «ሙሽራ ጥርሷን አሳይታ አትላክም። ቁም ነገረኛዋ ትሂድ።»

እማማ ዘሀራ ሁለቱንም ከእጃቸው ተቀበሉ። «ፖስታው ውስጥ እኔ አስገብቼ ላሽገው፤ የሚስቀውን ለራሴ አኖራለሁ» አሉ። አሸጉ፤ ለሹፌሩ ሰጡ፤ መኪናው ሄደ። ሐጂ ያንን አፍንጫ የለሽ ፎቶ ከኪሳቸው አውጥተው እፊቴ ቀደዱት። እንደዚያ ያለ ጥሩ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ለአረፋ አንድ ወጣት ፎቶ ቤቴ ገባ። ከእናቱ ጋር ከወረታ መምጣቱን፣ ቀኑ መቆረጡን፣ የሠርጉን ፎቶም እኔ እንዳነሣ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ከዚያ ከደረት ኪሱ ፎቶ አወጣ። ጥግ ጥጉ ተልጧል፤ ብዙ ተይዟል። የሚስቀው ነው፤ እማማ ዘሀራ ለራሴ አኖራለሁ ያሉት።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ጊዜ ቁርአን ስንቀራ ኡስታዙ ሲያስነጥሱ ራሷን ጥላ እንዲህ ነበር የምትስቀው፤ ስንቴ ተመትተንበታል። ስንት ዓመት ሆኖ አሰብ ላይ ፖስታውን ስከፍት አወቅኋት። እናቴ ጥርሷን አየሁት ብላ ልታስቀረው ነበር፤ በስልክ ስትነግረኝ እኔ ነኝ ላኪልኝ ያልሁ። ምን ብለው ነው ያሳቋት?»

«ሙያ ነው» አልሁት።

«ይህቺስ እጅ?»

«የመብራት መስቀያ ናት።»

ዘመኑ ሩቅ ነው፤ አንዳንድ ሰው በዚያ ሳምንት ምን እንደሠራሁ ይረሳል። ስለዚህ እንዳይረሳ ልንገራችሁ። ፍላሽን ከካሜራ አናት ላይ አውርጄ በገመድ አስኬድሁ። በኮርኒስ ብርሃን ፎቶ ማንሣትን ባሕር ዳር አስገባሁ፤ ዛሬ ወጣቶቹ ሁሉ ከእኔ የተማሩ መሆናቸውን ሳያውቁ ያደርጉታል። ለአንድ አብዮት ጥበቃ ግማሽ ፊት ሰጥቼው እድሜ ልኩን በዚያ ሲኮራ ኖረ። የወሰድሁትን አፍንጫ ለባለቤቷ መለስሁ። ራሕመትን አሰብ ድረስ አሳቅኋት። የቤቴን ካውያ ወደ ከሰል መለስሁት፤ ተዋበች ለዚህኛው እስካሁን አላመሰገነችኝም።

አንድ ደግሞ አለ። እማማ ዘሀራ በሕይወታቸው ፎቶ አልነሣም ያሉ ሴት ነበሩ፤ ስንት ጊዜ ለምኛቸው ከደፉ ወዲያ ሆነው ይስቁብኝ ነበር። ያረፉ ጊዜ ቤተሰቡ አንድ መልክ ቢፈልግ አጣ። ራሕመት ልጆቿን አስከትላ መጣች። የሚስቀውን ፎቶ ኔጋቲቭ ፈልጌ አገኘሁና ጥጉን ብቻ አሳድጌ አጠብሁላት። አሁን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ በመስታወት ውስጥ፣ እንሶስላ የሞቀች አንዲት እጅ ብርሃን ወደ ላይ ይዛ ተሰቅላለች። ከሥሩ ያነሣው ማን እንደሆነ በትልቁ ጻፍሁበት።